የላም ተከታዩ ለቅሶ

«ይህ ድንጋይ ትናንት እዚህ አልነበረም ይላሉ» አለ አስተርጓሚው አቶ ፍሥሐ።

ጣልያኑ ዶቶሬ ከድንጋይ ቁልሉ ጫፍ ላይ ቆሟል። ጠዋት ጠዋት ከጮቄ የሚወርደው ጉም እስከ ወገቡ ስለዋጠው ከላይ ያለው ግማሽ ጣልያን ብቻ ነው የሚታየው። በዱላው አንዱን ድንጋይ መታ፤ ቀጥሎ ሌላውን መታ። ትናንት ሥራ ሲቆም በቁልሉ ላይ የቀረውን ድንጋይ ሁሉ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጎበት ነበር። እነዚህ ቀለም የላቸውም።

ቆፋሪዎቹ ዶማና አካፋቸውን ተደግፈው አያ አስማማውን አዩት። አያ አስማማው አለቃቸው የሆነው በዕድሜ ስለሚበልጣቸው ብቻ አይደለም። እውነት ሲናገርም ሲዋሽም ፊቱ አንድ ነው፤ በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ ሙያ ነበር።

«እውነታቸውን ነው» አለ። «አልነበረም።»

«ታዲያ ከየት መጣ?»

«ከመንገድ ዳር።»

«ማን አመጣው?»

«እኛ።»

አቶ ፍሥሐ ይህን ወደ ጣልያንኛ ለመመለስ ጥቂት ተቸገረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ የሚወጣው መንገድ ጓሳው ሜዳ ላይ ሲደርስ በቁልሉ ሥር ያልፋል። በዚያ ያለፈ ሰው አንድ ድንጋይ ሳይጥል አይሄድም። ሳይጥል የሄደ ከብቱ ይጠፋበታል። ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም። ቄሶቹ «የአረመኔ ልማድ ነው» እያሉ ይቆጣሉ፤ እነሱም ሲያልፉ ሰው አለመኖሩን አይተው ይጥላሉ። ቆፋሪዎቹም የዚያው አገር ሰዎች ናቸው። ቀኑን ሙሉ የቁልሉን ድንጋይ ሲያወርዱ ይውሉና፣ ማታ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እንደማንኛውም መንገደኛ አንዳንድ ድንጋይ ጥለው ያልፋሉ። ትልቅ የጣለ ከብቱ ይበዛለታል ስለሚባል ማንም ጠጠር አይጥልም። ቁልሉ ሥራው ከተጀመረ ወዲህ እምብዛም ያልቀነሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ዶቶሬው ሲሰማ ይቆጣል ብለው ሲጠብቁ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። ከዚያ የመንገዱን ማዶ በዱላው አመለከተና፣ ከዛሬ ጀምሮ የምትጥሉትን እዚያ ጣሉ አላቸው።

«እዚያ የተቀበረ ሰው የለም እኮ» አለ አያ አስማማው።

አቶ ፍሥሐ ጠየቀና መልሱን ይዞ መጣ። «አለ ብላችሁ አስቡ ብለዋል።»

ሰዎቹ ተሳሳቁ። ከቁልሉ ሥር ወንፊት ይዛ አፈር የምትነፋው አይናዲስ አልሳቀችም። ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የተቀበረ ሰው የት እንዳለ ታውቃለች። በቁልሉ በስተምዕራብ በኩል፣ ከነጩ ቀለም በታች፣ ወንድሟ ድረስ ተኝቷል።

ድረስ የሞተው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ከአርበኞቹ ጋር ሆኖ ከጣልያን ጋር በተደረገ ተኩስ ተመታ። ጓደኞቹ ሬሳውን ተሸክመው እስከ ጓሳው አመጡት፤ ከዚያ ወዲያ ግን መሄጃ አጡ። የሮብ ገበያ ቤተ ክርስቲያን ከጣልያን ምሽግ ጋር አጥር ለአጥር ነው። ማን ሞተ፣ በምን ሞተ፣ የማን ልጅ ነው ሳይባል አንድ ሬሳ አይገባም። ከገደሉ ማዶ ምሽግ የሌለባት አንዲት ሚካኤል አለች፤ ያን ቀን ደግሞ ወደሷ የሚወስደውን መንገድ ባንዳ ይዞት ነበር። ሜዳው ላይ ቢቀብሩት አዲስ አፈር ከሩቅ ይታያል። አያ አስማማው ነው ቁልሉን ያሰበው። በቁልል ላይ የተጨመረ ድንጋይ ማን ይቆጥራል? እንዲህ ብለው እሱና ሦስት የመንደሩ ሽማግሌዎች ቀበሩት። ድንጋይ የሚቆጥር ሰው ከባሕር ማዶ እየመጣ መሆኑን አላወቁም።

አይናዲስን በዚያ ቀን ከምታጭድበት ሣር ላይ ጠርተው ያመጧት የሟቹን ማንነት ከሥጋ ዘመድ አንድ ሰው እንዲያረጋግጥ ብለው ነበር። ፊቱን እንድታይ አልፈቀዱላትም። እግሩን አሳዩዋት። ሕፃን ሳለ በሬ የረገጠበት ትንሿ ጣት ተጣማ ነው የቀረችው። «እሱ ነው» አለች። ከዚያ አያ አስማማው ለእናቷ እንዳትናገር አስማላት።

ያስማላት ክፉ ሆኖ አይደለም። እናትየዋ ወይዘሮ ታየች ከሰሙ ያለቅሳሉ። ካለቀሱ ምሽጉ ይሰማል። ምሽጉ ከሰማ የአርበኛ ቤት ብሎ ያቃጥላል፤ የቀበሩትን አራቱን ሰዎችም ይሰቅላል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ መርዶው ጣልያን እስኪወጣ ይቆይ ብለው ወሰኑ። ጣልያን መቼ እንደሚወጣ ግን አልወሰኑም።

እስከዚያው ድረስ ሰላምታ ይላካል። በየሳምንቱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አይናዲስን መንገድ ላይ ያገኛትና «ድረስ ደህና ነኝ፣ የእማን ጉልበት ሳሙልኝ ብሏል በያት» ይላታል። እሷም ማታ ለእናቷ ትነግራለች። ድረስ በሕይወቱ ለማንም ሰላምታ ልኮ የማያውቅ፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ሲገባ እንኳ እንዴት አመሻችሁ የማይል ልጅ ነበር። ከሞተ ወዲህ በጣም ጨዋ ሆኗል። እናቱ ሰላምታውን ሰምተው «እግዚአብሔር ይጠብቀው» ይላሉ፤ ይሉና ወደ እንዝርታቸው ይመለሳሉ። ለድረስ ጋቢ የሚሆን ጥጥ እየፈተሉ ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ የፈተሉት ልቃቂት ለሁለት ጋቢ ይበቃል፤ አሁንም ይፈትላሉ።

ዶቶሬው የመጣው ጣልያን ደብረ ማርቆስ በገባ በሦስተኛው ኅዳር ነው። ዶቶሬ ሲባል አገሬው ሐኪም መስሎት ሕመምተኛ ሁሉ ድንኳኑን ከበበው። እኔ የምመረምረው አጥንት ነው ቢል የተሰበረ እጅ ያለው ሰው አመጡለት። በመጨረሻ የጥንት ሰዎችን መቃብር እየፈተሸ አኗኗራቸውን የሚያጠና ሰው መሆኑ ሲገባቸው፣ ሰዉ ሁሉ እያዘነ ወደ ቤቱ ሄደ። ጭቃ ሹሙ ሠራተኛ መደበለት። አይናዲስና ጓደኛዋ የብርጓልም ጣታቸው ቀጭን ነው ተብለው ለወንፊቱ ተመደቡ። ሥራቸው ከአፈሩ ውስጥ ጨሌ መልቀም ነው።

በቁልሉ መካከል ያለውን መቃብር የከፈቱት የድንጋዩ ነገር ካለፈ በኋላ፣ ረቡዕ ዕለት ነው። ሰውየው በጎኑ ተኝቷል። ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ፣ እጁን ከጉንጩ ሥር አድርጎ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ልጅ ነው። በዙሪያው የከብት ቀንዶች በክብ ተደርድረዋል፤ ረጃጅም ቀንዶች፣ የዛሬ ከብት የሌለው ዓይነት። ከራሱ በላይ በቆመው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ላሞች ተቀርጸዋል። ሰው አልተቀረጸም፣ ቤት አልተቀረጸም፤ ላም ብቻ። አይናዲስ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። አንዷ ቀንዷ ወደ ታች የተቆለመመ፣ አንዷ ሆዷ የተንዠረገገ፣ አንዷ ጅራቷ ጎራዳ። የቀረጸው ሰው ላም እንዲያው ላም ብሎ አይደለም የቀረጸው። እያንዳንዷን በስሟ ያውቃታል።

ያን ቀን ዶቶሬው ደስ ስላለው ብዙ አወራ፤ አቶ ፍሥሐም እየደከመው አስተረጎመ። እነዚህ ሰዎች አያርሱም ነበር አለ። ሣር በሄደበት ይሄዳሉ፤ ቤታቸውን በበሬ ጭነው፣ ልጆቻቸውን በቤቱ ላይ ጭነው። ሥዕላቸውንም የሚሠሩት በሚሸከሙት ነገር ላይ ነው፤ በቅሉ፣ በቀበቶው፣ በጨሌው። ይዘውት የማይሄዱት ነገር ሙታቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ለሙታቸው ድንጋይ ይከምራሉ፤ ሲመለሱ የት እንደተዉት እንዲያውቁ።

«የሮብ ገበያ ሰው ላም ተከታዮች ይላቸዋል» አለ አያ አስማማው። «አባቶቻችን ከአባቶቻቸው ሰምተው እንደነገሩን፣ አንድ ክረምት ሄዱና አልተመለሱም።»

«ለምን?» አለ ዶቶሬው።

«ሣሩ ሄዶ ይሆናል።»

ይህን የሚነግራቸው ሰው ራሱ በድንኳን ያድራል። ንብረቱ ሁሉ በበቅሎ የሚጫን ነው፤ ከዚህ ወዴት እንደሚሄድም የሚያውቅ የለም። ይህን ሁሉም አስተውለዋል።

አይናዲስ ጨሌዎቹን በተገኙበት ተራ በክር ሰካቻቸው። ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፤ እንደገና ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ፤ ከዚያ አንዲት ቀይ ብቻዋን።

«እኔ ብሆን በዚህ ሁሉ ጨሌ አንድ ባል እገዛበት ነበር» አለች የብርጓል።

«ባልሽ በጨሌ የሚገዛ ከሆነ ምን ይረባሻል?»

«አንቺ ደግሞ፤ ከወንድምሽ መለየት አጨፍግጎሻል። ሲመጣ ይለቅሽ ይሆናል።»

አይናዲስ ክሩን ቋጠረች። ቀይዋን ጨሌ መካከል ላይ ያደረገች አንዲት ሴት እንደነበረች አሰበች። ቀይዋን ለይታ፣ እዚህ ትሁን ብላ፣ አንገቱ ላይ ያሰረችለት ሴት።

ሐሙስ ዕለት ዶቶሬው የሰውየውን አጥንት አንድ በአንድ እያነሳ በጥጥ ጠቅልሎ በሳጥን ከተተው። ሳጥኖቹ የሰርዲን ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ቁጥር ተጻፈ። አይናዲስ የተጣመመች አንዲት ትንሽ ጣት በጥጥ ተጠቅልላ፣ ላይዋ ላይ ቁጥር ተጽፎባት ታያት። እንዲህ ያለ ጣት በሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። ገና ነው።

ሥራ ሊቆም ሲል አቶ ፍሥሐ ሁሉንም ሰብስቦ ነገራቸው። ነገ አጥንቱ በበቅሎ ተጭኖ ይሄዳል። ቅዳሜና እሑድ ዶቶሬው በምሽጉ ያርፋሉ። ሰኞ የቁልሉ ምዕራብ ጎን ይከፈታል።

አያ አስማማው ፊቱ አልተለወጠም። አይናዲስ ወንፊቷን ወደ ድንኳኑ ስትመልስ ግን ከኋላዋ ደረሰባት።

«እሑድ እናነሳዋለን» አላት፤ የወንፊቱን ሽቦ የሚመረምር መስሎ። «ማዶ ሚካኤል እንወስደዋለን። መንገዱ አሁን ባንዳ የለበትም። ቄሱን አነጋግሬአለሁ።»

«እሺ።»

«እሺ አይደለም። የሥጋ ዘመድ ሳይፈቅድ ሙት ከአፈር አይነሳም። ነውር ነው። የምናነሳው እኛ አራታችን ነን፤ አራታችንም ባዕድ ነን። ከዘመዱ የሚያውቅ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«እኔ ልጅ ነኝ እኮ፣ አያ አስማማው።»

«አውቃለሁ» አለ። «ሌላ ባገኝ አንቺን አልጠይቅም ነበር። እስከ ነገ ማታ አስቢበት።»

ቤት ስትደርስ እናቷ በደጁ ብርሃን ይፈትላሉ። ስለ ጥንቱ ሰው ወሬው ቀድሟት ደርሷል።

«እንዴት አድርገው ነው ያስተኙት?» አሏት።

«በጎኑ ነው፣ እማ። ጉልበቱን አጥፎ።»

እናቷ እንዝርቱን አሽከረከሩ። «ብርድ ነዋ» አሉ።

አይናዲስ ከእሳቱ አጠገብ ተቀመጠች። ብትነግራቸውስ? ይጮሃሉ፤ ጩኸቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ምሽጉ ሩቅ አይደለም። ባትነግራቸውና ራሷ ብትፈቅድስ? ድረስ ከቁልሉ ይነሳል፣ ማዶ ይሻገራል፣ እናቱ በማያውቁበት ቤተ ክርስቲያን ይቀበራል። እናቱ እዚህ ይፈትላሉ። ልቃቂቱ ለሦስት ጋቢ ይበቃል፣ ለአራት ይበቃል።

«ነገ ነው የሚወስዱት?» አሉ እናቷ።

«ጠዋት።»

«ማን ያለቅስለታል?»

«ማን ያውቀውና ያለቅስለታል?»



ዓርብ ጠዋት ጉሙ ወደ ካፊያ ተለውጧል። ሳጥኖቹ በበቅሎዎቹ ላይ ሲታሰሩ፣ ከታች በመንገዱ ላይ ሴቶች ሲወጡ ታዩ። ከፊት ወይዘሮ ታየች ናቸው። ነጠላቸውን ለሐዘን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ሌሎቹም እንደዚያው። አይናዲስ ወንፊቱ ከእጇ ወደቀ። ሳጥኖቹን የሚጠብቁት ሁለት ባንዶች ጠመንጃቸውን አስተካከሉ፤ ሴቶች ብቻ መሆናቸውን ሲያዩ መልሰው ትከሻቸው ላይ አንጠለጠሉት።

ወይዘሮ ታየች የመጀመሪያዋ በቅሎ ዘንድ ቆሙ። ሳጥኑን በመዳፋቸው ዳሰሱት፤ ትኩሳት ያለበትን ልጅ እንደሚዳስሱ። ከዚያ ደረታቸውን መቱና ሙሾውን አወረዱት፤

«ከብትህን አስጥለው ወዴት ይወስዱሃል፣
እናትህ ሳትሰማ ማን ያለቅስልሃል።»

ሴቶቹ ተቀበሉ። መጀመሪያ እንደ ደንቡ ነበር፤ ለማያውቁት ሰው የሚለቀስ፣ ድምፅ ያለው እንባ የሌለው ለቅሶ። እየቆየ ግን ተለወጠ። በሦስት ዓመት ውስጥ ከእነዚያ ሴቶች ያልተለቀሰለት ሙት የሌላት አልነበረችም። አንዷ የባሏን ሬሳ ደንበጫ አጠገብ ትታ ነው የመጣችው፤ አንዷ ወንድሟን ወስደውት የደረሰበትን አታውቅም። ሁሉም በአንድ የሰርዲን ሳጥን ላይ አለቀሱ። ቆፋሪዎቹ ዶማቸውን ጥለው ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከሁለቱ ባንዶች ታናሹ ጠመንጃውን ለጓደኛው ሰጠና ከበቅሎዋ ጀርባ ሄዶ ተንሰቀሰቀ። የማንን ሞት እንደሚያለቅስ አልጠየቁትም።

አይናዲስ እናቷን ታያለች። ሰው ለላም ተከታይ እንዲህ አያለቅስም። አላወቁ ይሆናል፤ ፍርሃታቸው ይሆናል የሚያለቅሰው። ወይም ድረስ የመጀመሪያውን ሰላምታ የላከ ቀን አውቀዋል።

ዶቶሬው ባርኔጣውን አውልቆ በካፊያ ውስጥ ቆመ። ራሱ ላይ ያለው ጥቂት ፀጉር ረጠበ። ወደ አቶ ፍሥሐ ዘንበል ብሎ አንድ ነገር ጠየቀ።

አቶ ፍሥሐ የደብረ ማርቆስ ሰው ነው። ጣልያንኛ የለመደው ከጦርነቱ በፊት በቆንስሉ ግቢ ሲላላክ ነው፤ አማርኛ ግን የለመደው ከእናቱ ነው። ወይዘሮ ታየችን ረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ አያ አስማማውን አየ። ከዚያ፣ ማንም ሳያመለክተው፣ የቁልሉን ምዕራብ ጎን አየ። አቶ ፍሥሐ ለዶቶሬው በጣልያንኛ በአጭሩ መለሰለት።

ዶቶሬው ሰምቶ ሲጨርስ ዓይኑ በራ። ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ በሚረጥብ ወረቀት ላይ ይጽፍ ጀመር። ይህን ያህል ዘመን ቆይቶ አራሽ ሕዝብ ለላም ተከታይ ሲያለቅስ ያየ ሰው ያለ እሱ የለም። መጻፉን ሲጨርስ ብዙ ተናገረ፤ አቶ ፍሥሐም ለሕዝቡ አዞረው።

«ለጥንቱ ሰው እንደምታለቅሱ ነግሬአቸዋለሁ» አለ። «ልማዳችሁን በጣም ወደውታል። ሙሉ ሥርዓቱ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ እስከ ሣልስቱ ይለቀሳል አልኳቸው። እሳቸውም፣ እንግዲያው እስከ ሣልስቱ አልቅሱ፤ ለምሽጉ አዛዥ እኔ እነግራለሁ፣ ማንም አይነካችሁም ብለዋል።»

ከዚያ በአያ አስማማው አጠገብ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዛሬ፣ ነገ፣ ከነገ ወዲያ። ከዚያ በኋላ የሚሰማውን ለቅሶ እኔ አላስተረጉምም።»

በቅሎዎቹ ቁልቁል ሄዱ። ላም ተከታዩ ሰው ቁጥር ተጽፎበት፣ ለመጨረሻ ጊዜ በከብት ጀርባ ተጭኖ፣ ጉም ውስጥ ገባ።

ማታ ሲመለሱ አያ አስማማው በመንገዱ ዳር ቆሞ አይናዲስን ይጠብቃታል። ሴቶቹ ከፊት ናቸው፤ እናቷ በመካከላቸው ተደግፈው ይሄዳሉ።

«ምን አሰብሽ?» አላት።

አይናዲስ የእናቷን ጀርባ አየች።

«እኔ ያሰብኩትን ልንገርሽ» አለ አያ አስማማው። «እናትሽ ዛሬ አለቀሱ። ወጣላቸው። ይበቃቸዋል። አንቺ ፍቀጂና እሑድ በዝምታ እንጨርሰው። ጣልያን ሲወጣ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፤ እግራቸው ላይ ወድቄ እነግራቸዋለሁ።»

ቀላል ነበር። አንድ ቃል ነው። አይናዲስ ቃሉን አፏ ውስጥ አገኘችው።

«ለሌላ ሰው ነው ያለቀሰችው» አለች።

«እንዴት?»

«ለሳጥኑ ሰው። ለድረስ አላለቀሰችም። ማንም ሞተብሽ አላላትማ።»

አያ አስማማው ቀና ብሎ ሴቶቹን አየ።

«እኔ የምፈቅደው ነገር የለኝም» አለች። «ፈቃዱ የሚጠየቀው ከእናቴ ነው። ነገ ጎህ ሲቀድ ኑ። አራታችሁም ኑ። እንደ ደንቡ መርዶውን አርዷት፤ ከዚያ ጠይቋት። ብትጮህም ሣልስቱ አላለፈም።»

«እኔ እኮ አስምዬሽ ነበር።»

«እኔ አልነግራትም። እናንተ ናችሁ የምትነግሯት።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የአያ አስማማው ፊት ተለወጠ። ያረጀ መሰለ። መሬቱን በዱላው ቆረቆረ። ከዚያ መንገድ ሊጀምር ሲል ዘወር አለ።

«እንግዲያው ዛሬ ማታ እራት በደንብ አብያቸው» አላት። «መርዶ በባዶ ሆድ አይሰማም። አንቺ አታውቂው ይሆናል፤ ድሮም እንዲህ ነው። መርዶ የሚነገረው ሰው ሳያውቅ ይበላል።»

አይናዲስ የገብስ ቂጣውን ራሷ ጋገረች፤ የባቄላ ወጡን ራሷ ሠራች። እናቷ ከደጅ ገብተው ሲቀመጡ ገበታውን አቀረበችላቸው። ነጠላቸው አሁንም እንደተዘቀዘቀ ነው። እንዝርቱ ግድግዳው ሥር ወድቋል፤ አላነሱትም።

ወይዘሮ ታየች ከሚያዝያ ወዲህ እራታቸውን ጨርሰው አያውቁም። ግማሹን በልተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ጨርሺው፣ እማ።»

«በቃኝ።»

«ጥቂት ብቻ። ለእኔ ስትዪ።»

እናቷ ገበታውን አዩ። ወጡ ሞልቶ ነው የቀረበው፤ ቂጣው ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ልጅቱ አልነካችውም። ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ። አይናዲስ ዓይኗን ልትሰብር ፈለገች፤ አልሰበረችም።

«ስንት ሆነው ነው የሚመጡት?» አሉ እናቷ።

«አራት።»

ወይዘሮ ታየች ቤቱን ዞር ብለው ቃኙ። «ለአራት ሰው መቀመጫ የለንም» አሉ።

«ከእነ የብርጓል ቤት እዋሳለሁ።»

እናቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ገበታውን በሁለት እጃቸው ወደ ራሳቸው ሳቡና መብላት ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ እያላመጡ፣ ሥራ እንደሚሠራ ሰው። አይናዲስ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ውሃውን በእጇ ይዛ ጠበቀች። የመጨረሻዋን ቁራሽ እስኪበሉ አልተነሳችም።